ያልተጠየቀው የክርስትና ስም

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከመንዝ ሲመጡ ለልጅ ልጃቸው ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ስም። ቅቤውን ገና ከደጅ ሳይገቡ ለአራሷ አስረከቡ። ስሙን ግን በሆዳቸው ይዘው ተቀመጡ፤ ስም እንደ ቅቤ በር ላይ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው። ልጃቸው ዓለምሰገድ ከሾላ ገበያ በላይ፣ በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ከሚስቱ ከዘርፌ ጋር ይኖራል። ሥራው ወሎ ሰፈር፣ አንድ የመንግሥት ጋራዥ መለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ሜካኒኮቹ በመስኮት ብቅ እያሉ "ዓለም፣ ኩሽኔታ"፣ "ዓለም፣ ካንዴላ" ሲሉት ከመደርደሪያ እያወረደ ያቀብላቸዋል። ድሮም ብዙ አይናገርም ነበር። ከወንድሙ ከእሸቴ በኋላ ግን ዝምታው ሌላ ዓይነት ዝምታ ሆነ።

የእሸቴ ነገር እንዲህ ነው። የወይዘሮ ፀሐይነሽ የመጨረሻ ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ተቀምጦ የማታ ይማራል፤ ቀን ቀን ሾላ ገበያ ለአንድ የበርበሬ ነጋዴ ሚዛን ይይዛል። በ1970 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ሚዛኑን አስጥለው ወሰዱት። አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልተሰጠም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስሙ እርምጃ ከተወሰደባቸው ሌሎች ሰዎች ስም ጋር ተነበበ፤ ሕዝቡም እንዲያጨበጭብ ተጠየቀ። ዓለምሰገድ አጨበጨበ። በግራ በቀኙ የነበረው ሁሉ ስላጨበጨበ ለይቶ ያየው ሰው አልነበረም። እሱ ግን የገዛ መዳፉን ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ሰምቶታል።

ያን ጊዜ እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ አይቻልም። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ያስጠይቃል። ዓለምሰገድ ለእናቱ ሊያረዳቸው መንዝ ድረስ ሄደ፤ ከጎተራው ጥላ ሥር አስቀምጦ ነገራቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱና እስኪበቃቸው ተንቀጠቀጡ።

"የት ሄጄ ነው እንግዲህ የማለቅሰው?" አሉት በመጨረሻ።

"አይለቀስም እማዬ። ለእኔም ለአንቺም አይሆንም።"

ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "እንግዲያው ወንድ ልጅ የወለድህ እንደሆነ ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ። ምትኩ እለዋለሁ። ሌላ ነገር አልለምንህም።"

"እሺ እማዬ" አላቸው።

አገር የሚያውቀው ስም ነው። ከአንድ ቤት ሰው ሲጎድል ከዚያ ወዲያ የሚወለደው ልጅ ምትኩ ይባላል፤ ካሳ ይባላል፤ ማስረሻ ይባላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ያ ቤት ሐዘን እንደገባው ያውቃል። "በማን ምትክ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሲነግሩትም "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላል። ለወይዘሮ ፀሐይነሽ ይህ ስም የተከለከሉት ልቅሶ ነበር። ሕፃኑን በጠሩት ቁጥር እሸቴን ያነሡታል፤ አላፊ አግዳሚው በጠየቀ ቁጥር እሸቴ የሚባል ልጅ እንደነበራቸው ይናገራሉ።

ዓለምሰገድ እሺ ያለው ከልቡ ነው። ጎተራው ሥር ተቀምጦ ለሚያስበው ሰው ቀላል ነበር። ሾላ ሲመለስ ግን "በማን ምትክ ነው?" የሚለው ጥያቄ ነው የሚያስበረግገው፤ ያንን ጥያቄ የሚጠይቀውን ሰው ፊትም ያውቀዋል።

ሰውየው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ረታ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ሰሞን፣ የሰፈሩ ሴቶች ገንፎ ሊበሉ በተሰበሰቡበት፣ ከኅብረት ሱቅ ያወጣውን ስኳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ሳይጠራ መጣ። ጎረቤታቸው ገንዘቤ ገንፎውን ስታገላብጥ ነበርና አይታው ሳቀች።

"ጓድ ረታ ሽታው ነው ያመጣህ። ስብሰባ ላይ እንደ ተጨመቀ ሎሚ የምትሆነው ሰውዬ ቅቤ ስታይ ፊትህ ይፈታል ለካ።"

"የአንቺ ምላስ በራሽን የሚታደል ቢሆን ይኼ ቀበሌ በጠገበ ነበር" አላትና ተቀመጠ። ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሕፃኑን ተቀበለ፤ እንደሚያውቅበት ሰው አንገቱን ደግፎ ያዘው።

"ጎበዝ ነው ይኼ። ስሙን ማን አላችሁት?"

ወይዘሮ ፀሐይነሽ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጥያቄውን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። ከመንዝ እስከዚህ የተሸከሙትን ነገር የሚያወርዱበት ሰዓት ደረሰላቸው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዓለምሰገድ አያቸው። ከጎናቸው ደግሞ ረታን አየው። ያን ቀን በስብሰባው ላይ የእሸቴን ስም ከወረቀት ያነበበው ይኸው ሰው ነው።

"ትግሉ" አለ ዓለምሰገድ። "ትግሉ ብለነዋል።"

ከዚያች ደቂቃ በፊት ስሙን አስቦት አያውቅም። በሬዲዮም በስብሰባም ሲደጋገም ምላሱ ላይ ተቀምጦ የቆየ ቃል ነው። ረታ "ጥሩ ስም ነው" አለ፤ ሕፃኑን መለሰና ወደ ገንፎው ዞረ። ያን ያህልም አልተደነቀም።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወደ ልጃቸው አላዩም። የቅቤውን ቅል አነሡና በእንግዳው ገንፎ መሐል ቅቤ ጨመሩለት።

"ብላ ልጄ" አሉት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዘርፌ ከተኛችበት ሆና ባሏን ጠራችው። "ምን ነካህ? እማማን ምን ብለሃቸው ነበር?"

"ምን ላድርግ ዘርፌ? ሰውዬውን አላየሽውም?"

"አየሁት። ገንፎ ሲበላ አየሁት።"

ዓለምሰገድ እናቱ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። "እማዬ፣ እኛ ቤት ውስጥ ምትኩ እንለዋለን። ትግሉ ለውጭ ሰው ነው።"

"የደጅ ስምና የጓዳ ስም ምን ያደርግለታል? ተወው ልጄ፤ አባቱ አንተ ነህ። አውጥተህለታል።"

በቁጣ አልተናገሩትም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኑን ሲያጥቡትም ሲያስተኙትም "የኔ ጌታ" ይሉታል፤ "ይኼ ሰው ዛሬ እንቅልፍ የለውም" ይላሉ። ትግሉ የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ዓለምሰገድ ከሥራ ሲመለስ ምናልባት ዛሬ ጠርተውት ይሆናል እያለ ጆሮውን ይጥላል። አልጠሩትም።

አርባው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ክርስትናው የካ ሚካኤል ነው፤ የክርስትና አባት የሚሆነውም የገንዘቤ ባል ነው። በዚያው እሑድ ግን የውጭ አገር እንግዳ በቦሌ ስለሚገባ የየቀበሌው ሕዝብ መንገድ ዳር ተሰልፎ እንዲቀበል ታዘዘ። ዓለምሰገድ ስለ ልጁ ፈቃድ መጠየቅ ይችል ነበር። አልጠየቀም። ሴቶቹ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ እሱ የወረቀት ባንዲራውን ይዞ ወደ ወሎ ሰፈር ወረደ።

የቦሌ መንገድ በሰው ተሞልቶ ነበር። እንግዳው ዘገየ፤ ፀሐዩ ከረረ፤ አስፋልቱ ዳር የቆሙት ሴቶች ባንዲራቸውን ጥላ አደረጉት። ረታ ሰልፉን እያስተካከለ ሲያልፍ ዓለምሰገድን አየና ቆመ።

"አንተ ዛሬ ልጅህን ክርስትና አታስነሣም እንዴ?"

ዓለምሰገድ ደነገጠ። "ሴቶቹ… ሴቶቹ ወስደውታል።"

"አባትየው እዚህ ቆመህ?" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ብትነግረኝ መች እከለክልህ ነበር? እኔም የሁለቱንም ልጆቼን አስነሥቻለሁ። እናቴ መች ትለቀኛለች።" ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ።

ዓለምሰገድ ባንዲራውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ለሚፈራው ሰው ብሎ የልጁን ክርስትና ትቶ መጣ፤ የሚፈራው ሰው ግን የራሱን ልጆች ክርስትና አስነሥቷል። በኋላ መኪኖቹ መጡና ሲያልፉ ሕዝቡ ሁሉ አጨበጨበ። ባንዲራውን ብብቱ ሥር አድርጎ እሱም አጨበጨበ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ሕፃኑን አቅፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ፊታቸው ግን ዝናብ እንዳለፈለት ማሳ ረግቷል። ወጉ አባት ከመግባቱ "ስመ ክርስትናው ማን ተባለ?" ብሎ መጠየቅ ነበር። ነገር ግን በእናቱ ፊት ስም የሚለውን ቃል ማንሣት ከብዶት ነበርና "እንኳን ደስ ያለሽ" ብሏቸው ገባ። ነገ እጠይቃለሁ አለ። ነገ ሲሆን ደግሞ ትናንት ሳይጠይቅ መቅረቱ አሳፈረው። ሰው አንዳንዴ አንዲት ጥያቄ በጊዜዋ ሳይጠይቅ ይቀርና ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሁሉ ይዘጋበታል።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አገራቸው ተነሡ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣውን አውቶቡስ ላምበረት ላይ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁ። ዓለምሰገድ ጓዛቸውን ይዟል፤ ጓዝ ከተባለ ባዶው ቅልና ዘርፌ የገዛችላቸው ሻሽ ነው። አውቶቡሱ ከሩቅ ሲታይ እናቱ ዞር ብለው አዩት።

"የምትጠይቀኝ ነገር የለም?" አሉት።

"ምን እማዬ?"

"እንጃ። አንድ ነገር።"

ልቡ ያውቀዋል። "የለም እማዬ፤ ብቻ በሰላም ግቢ" አላቸው።

"እንግዲያው ይሁን" አሉና ግንባሩን ሳሙት። ወጣቱ ረዳት ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አልተመለከቱትም፤ የተቀመጡት በወዲያኛው በኩል ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከመንዝ የመጣ አንድ ዘመድ ጋራዡ ድረስ ሄዶ መሞታቸውን ነገረው። ዓለምሰገድ መንዝ ሲደርስ ተቀብረዋል። ለእሳቸው ማልቀስ ማንም ስላልከለከለው አለቀሰ። ግን የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ለራሱም አልተለየለትም።

ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ትክትክ ያዘው። ክሊኒክ ሽሮፕ ሰጡት፤ ትንሽ ተሻለውና መልሶ ጠናበት። ዘርፌ ሁለተኛ ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ነበረችና ባሏን "ጠበል አድርስልኝ" አለችው። ዓለምሰገድ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሾላ ወደ የካ ሚካኤል ሄደ። ቤተ ክርስቲያን አጥር ከገባ ስንት ጊዜ እንደሆነው አያስታውስም። በእሑድ በእሑድ ልጁን የምታቆርበው ዘርፌ ነበረች፤ እሱ ስብሰባ አለብኝ ይላል፤ ስብሰባ ባይኖርም አለብኝ ይላል።

ጠበሉ ላይ ያሉት ሸምገል ያሉ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ጠጋ አሉ። "ስመ ክርስትናው ማን ነው?"

ዓለምሰገድ ልጁን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረው።

"አባት አይደለህም?"

"ነኝ አባ።"

"ታዲያ የልጅህን ስም አታውቅም?"

ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች ሰሙ። አንዲት ሴት አንገቷን ደፋች። ዓለምሰገድ "እናቱ ነች የምታውቀው፤ ሄጄ ልጠይቅ" ሊል ሲል ልጁ ከትከሻው ላይ ቀና አለ። ሳሉ ባሰለለው ድምፅ፣ ቄስ ሲጠይቁ መመለስ እንደለመደ ልጅ፣ ራሱ መለሰ።

"ወልደ ሰንበት።"

ዓለምሰገድ ያንን ስም ያውቀዋል። መንዝ፣ ልጆች ሆነው ለቁርባን ሲሰለፉ፣ እሸቴ ሁልጊዜ ከፊቱ ነው። ቄሱ ሲጠይቁት አንገቱን አስግጎ፣ በዚሁ በቀጭን ድምፅ፣ "ወልደ ሰንበት" ይል ነበር። ከእሱ በቀር ይህን ስም የሚያውቅ ሰው በአዲስ አበባ ያለ አይመስለውም ነበር።

ቄሱ "ወልደ ሰንበት" እያሉ ጠበሉን አፈሰሱበት። ልጁ ብርዱን አልወደደውም፤ ጮኸ፤ የአባቱን አንገት ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ዓለምሰገድም እስከ ወገቡ ረጠበ።

ቤት ሲገቡ የልጁን ልብስ ቀይሮ አስተኛው። ከዚያ አራሷ ፊት ቆመ። "ዘርፌ፣ ስመ ክርስትናው ማን ነው?"

ዘርፌ የምታጠባውን ሕፃን አስተካከለችና አየችው። "ይኸው ዛሬ ጠየቅህ።"

"ንገሪኝ።"

ነገረችው። በዚያ እሑድ ቄሱ ልጁ የተወለደበትን ዕለት ቆጥረው በዕለቱ ጻድቅ ስም ሊሰይሙት ነበር። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቀረብ ብለው እጃቸውን ሳሙና "አባቴ፣ ወልደ ሰንበት ይበሉልኝ፤ የቤታችን ስም ነው" አሏቸው። ቄሱም እሺ አሉ። ሕፃኑ በዚያ ስም ሲጠራ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ከቅጥሩ ግንብ ሥር ሄደው ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። አገልጋዩም ሕዝቡም ሰማቸው። ገንዘቤ "ደስታ ነው፤ የልጅ ልጅ ሆኖባቸው ነው፤ ተዉአቸው" አለች። ተዉአቸው። እስኪወጣላቸው አለቀሱ።

"ለማን እንደሚያለቅሱ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው" አለች ዘርፌ። "አንተ ብትኖር ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሳቸው ናቸው የከለከሉኝ። 'ሳይጠይቅ አትንገሪው፤ ሲጠይቅ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቆታል ማለት ነው' አሉኝ። 'ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው' ብለዋል። ላምበረት ስትሸኛቸው ይጠይቀኛል ብለው ነበር የሄዱት።"

ዓለምሰገድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የምትጠይቀኝ ነገር የለም ያሉት ለዚህ ነበር። የታጠፈውን ነገር ዘርግተው ሊሰጡት፣ ምሕረቱንም ስሙንም ሊሰጡት፣ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁት። አንድ ቃል ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ እናቱ በሕይወት ሳሉ፣ መንዝም አውቶቡስ የሚደርስበት አገር ሆኖ ሳለ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መሄድና መጠየቅ ይችል ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ዳነ። ሳሉ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ዓለምሰገድ ግን በሌላ ቀን ብቻውን ወደ ቄሱ ሄደና ለእናቱና ለወንድሙ ፍትሐት እንዲደረግላቸው ለመነ። ወንድሙ እንዴት እንደሞተ ሊያስረዳ ሲጀምር ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

"ስም ብቻ ስጠኝ። ሌላውን እሱ ያውቀዋል።"

በጸሎቱ ዕለት ብዙ ሰው አልጠራም፤ ገንዘቤና ባሏ፣ ዘርፌ ሕፃኑን አዝላ፣ ልጁም የአባቱን እጅ ይዞ። ቄሱ የወይዘሮ ፀሐይነሽን ስመ ክርስትና ጠሩ። ቀጥለው ወልደ ሰንበት አሉ።

"አቤት" አለ ልጁ።

ገንዘቤ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ልጁ ቄሱን አየ፤ ወደ እሱ እንደማይመለከቱ ሲያውቅ የአባቱን እጅ ጎተተ። "አባዬ፣ እኔን ነው የጠሩኝ?"

ዓለምሰገድ ቁጢጥ አለለት። "አጎትህን ነው።"

ስለ እሸቴ በሰው መሐል የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ያ ነበር። ምድር አልተሰነጠቀችም። ዘወር ብሎ ያየውም የለም። ይህን ሊሰሙ የሚገባቸው ሰው ግን አሁን ከአፈር በታች ናቸው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አባቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጠየቅ ያቃተውን፣ እንደ ቀላል ነገር፣ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ።

"አጎቴ ስሙ ማን ነው?"